ሦስተኛው ምሰሶ

ባሮታንና ሉምባንግ ሁለት ከተማ ይባላሉ እንጂ መሃላቸው ያለው ወንዝ ባይኖር አንድ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑም ወደ ወደብ የሚሄደው አውቶቡስም እኛ ባሮታን ነው ያሉት፤ ገበያው ሉምባንግ ነው። እነሱ እኛን ቋጣሪዎች ይሉናል፣ እኛ እነሱን ሚዛን ሰራቂዎች እንላቸዋለን፣ ግን መጋባቱን ትተን አናውቅም። ሙሽራውንም ሬሳውንም ሲያሻግር የኖረው እኔ ነኝ። ቴርሶ እባላለሁ፤ ልጁም አዋቂውም ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድም፣ ይለኛል። ከአባቴ የወረስኳት ከቀርከሃ የታሰረች ታንኳ አለችኝ፣ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ እየጎተትኩ ነው የማሻግራት።

ድልድይ ኖሮን አያውቅም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያውን ስፔኖች በእንጨት ሠሩት፣ ጎርፍ ወሰደው። ሁለተኛው የብረት ነበር። ጃፓኖች ሲመጡ እንዳይሻገሩ ብለው የእኛው ሸማቂዎች አፈነዱት፤ ጃፓኖቹ አባቴ ግንባር ላይ ጠመንጃ ደቅነው በእሱ ታንኳ ተሻገሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ የሉምባንግ ጎረምሶች ለምን አሻገርካቸው ብለው ሁለት ጥርሱን አወለቁት። ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ድልድይ ይመጣል፣ ምርጫው ሲያልቅ ድልድዩም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ ድልድይ የሚል ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እንጀራው ስለሚቀርበት ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ሦስተኛው ግን የምር ተጀመረ። ከዋና ከተማ ቬርጋራ የሚባል ወጣት መሐንዲስ መጣ፣ ነጭ ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ የሚቆም ሰው። እኛ አገር፣ ቤት እንኳ ሲሠራ መሠረቱ ላይ ዶሮ ይታረዳል፤ ለድልድይማ የግድ ነው። ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ ደም ካልፈሰሰለት ወንዙ ራሱ ይወስዳል እንላለን። ሽማግሌዎቹ ነጭ አውራ ዶሮ ይዘው ሄዱ። ቬርጋራ ሳቀባቸው።

«ይልቅ ጠብሳችሁ ለሠራተኞቼ አብሉልኝ» አላቸው።

ዶሮውን ይዘው ተመለሱ። አንደኛው ምሰሶ ቆመ፣ ሁለተኛውም ቆመ። መሃል ወንዙ ላይ ያለው ሦስተኛው ግን አሻፈረኝ አለ። ሲተክሉት ይሰምጣል፣ ሲያቀኑት ይዘማል። መሐንዲሱ አሸዋው ከሥሩ እየሸሸ ነው አለ፤ ሰዉ ግን ወንዙ ርቦታል አለ። ፎርማኑ ፈርቶ ከአለቃው ተደብቆ ዶሮ ቢያርድለት በማግስቱ ይባስ ዘመመ። ያኔ ወሬው ተቀየረ። ወንዙ ተንቋል፣ አሁን ዶሮ አይበቃውም፣ የሚፈልገው ልጅ ነው ተባለ። ጆንያ ያነገተ ሰው በመንደር ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ማስገባት ጀመሩ።

ፔርፔቱዋ ልጇን ማስገባት አልቻለችም። ጎረቤቴ ናት። ባሏን ባሕር ካስቀረባት ወዲህ ሙዝ እየቀቀለች ትሸጥ ነበር፤ ለግንበኞቹ በሳህን አድርጋ የምታደርሰው የሰባት ዓመት ልጇ ሚንዳ ነበረች። ሚንዳ ምላሷ አያርፍም።

«ማኖንግ ቴርሶ፣ ድልድዩ ሲያልቅ አንተ ምን ልትበላ ነው?» ትለኛለች።

«አንቺን።»

«እኔ አጥንት ብቻ ነኝ፣ ያንቅሃል» ብላ ትሮጣለች።

ሦስተኛው ምሰሶ ሲሚንቶ የተሞላ ቀን ሚንዳ ጠፋች። ሳህኗ ሙዙ እንዳለ ወንዙ ዳር ተገኘ። እስኪመሽ ፈለግን። እኔ ውሃውን በረጅም ቀርከሃ እየወጋሁ ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ ወረድኩ። በማግስቱ ስንሰበሰብ ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ወደ ምሰሶው ነበር። ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፣ ግን ፍለጋው በዚያው ቆመ። ምሰሶው ከዚያ ቀን ወዲያ ንቅንቅ አላለም።

ፔርፔቱዋ ፀጉሯ እንደተበተነ መሐንዲሱ ፊት ቆመች። የሁለቱም ከተማ ሰው ከኋላዋ ነበር።

«ስበረው» አለችው።

«ልጅሽ እዚያ ውስጥ የለችም። ቆሜ ያስሞላሁት እኔ ነኝ።»

«ከሌለች ሰብረህ አሳየኛ!»

«ለመንደር ወሬ ብዬ ድልድይ አላፈርስም።»

ወደ ካፒታኑ ዞረች። ካፒታን የምንለው የሰፈራችንን ሹም ነው፤ ያኔ ዶናቶ ነበር፣ ሚንዳን ክርስትና ያነሳት እሱ ነው፤ በዚህ ዝምድና ፔርፔቱዋ ኮምፓድሬ ትለዋለች፣ እሱ ኮማድሬ ይላታል።

«ኮምፓድሬ፣ የክርስትና ልጅህ ናት። አንተ ንገረው።»

ዶናቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «ፔርፔቱዋ እህቴ፣ እዚያ እንዳለች እኔም አምናለሁ። ግን ብናወጣት ትነሳለች? አትነሳም። ምሰሶው ደግሞ ይኸው ቆሟል።»

«ልቅበራት ነው'ኮ!»

«ተቀብራለች። ከሁላችንም የጠለቀ መቃብር ነው ያገኘችው።»

አንድ የሉምባንግ ሥጋ ሻጭ ከኋላ ጮኸ። «ያ ፈርሶ ሌላ ሲተከል ሌላ ልጅ ሊጠይቅ ነው! ያኔ የማንን ልትሰጪ ነው፣ የኔን?»

ማንም ዝም በል አላለውም። መሐንዲሱ ስለማያምን ነው እምቢ ያለው። እነዚህ ግን አምነው ነው እምቢ ያሉት፣ ልጅቷ እዚያ ውስጥ እንዳለች እያመኑ። ያን ቀን ሁለቱም ከተሞች ከዓይኔ ወጡ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ድልድዩ ሲመረቅ ሙዚቀኛ መጣ፣ አሳማ ተጠበሰ። ከዚያ ደግሞ ምስጋናው ተጀመረ። የሉምባንግ ነጋዴዎች ለፔርፔቱዋ ሩዝ በጆንያ ላኩላት፣ ሴቶቹ ልብስ ሰፉላት። በመንገድ ሲያገኟት እጇን ይዘው «ልጅሽን ለሁላችን ነው የሰጠሽው» ይሏታል። እሷ ምን ሰጠች? ወሰዱባት እንጂ። ሩዙን በላችው፣ ምን ታድርግ፣ እያለቀሰች በላችው።

ድልድዩን ግን አልረገጠችም። «በልጄ አናት ላይ አልሄድም» አለች። ሙዟን ሉምባንግ ገበያ የምታደርሰው በኔ ታንኳ ነበር። ሌላ ተሳፋሪ አልነበረኝም፤ መኪናው ከላያችን እየተንጋጋ እኔና እሷ ከሥር በገመድ እንጎተታለን። የድልድዩ ላይ ጎረምሶች «ማኖንግ፣ ሙዚየም ነው የምትነዳው?» እያሉ የኦቾሎኒ ልጣጭ ይበትኑብናል። ታንኳዋን ያላፈረስኩት ለእሷ ስል ነው። እወዳት ነበር፣ ምን ይደበቃል። አንድም ቀን አልነገርኳትም።

በሙታን ቀን ሌላው ሰው ሻማና ምግብ ይዞ መካነ መቃብር ይሄዳል። እኛ ምሰሶው ሥር እንሄዳለን። ታንኳዋን አስጠግቼ እይዝላታለሁ፣ እሷ እጇን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ ታወራለች።

«ሚንዳዬ፣ የነሮሲንግ ፍየል መንታ ወለደች። ማኖንግ ቴርሶ ወገቡን እያመመው ነው፣ ቁጡ ሆኗል። ጓደኛሽ ሊገያ ዘንድሮ ልታገባ ነው።»

ስታወራ ፊቷ ይፈታ ነበር። ሁሌም ስንመለስ ዓይኗ ቀላ ይል እንደሆነ እንጂ ታንኳዬ ላይ የሚቀመጠው የተሰበረ ሰው አልነበረም። የምታውቀው ቦታ ነበራት፤ እናት ለልጇ የምትሄድበት ቦታ።

ዘንድሮ የመጣው አውሎ ነፋስ ተራራው ላይ የተቆረጠውን ግንድ ሁሉ ይዞ ወረደ። ግንዶቹ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ተከመሩ፣ ድልድዩም ከመሃሉ ተቆርጦ ወደቀ። ውሃው ሲጎድል ምሰሶው በእኛ ወገን አሸዋ ላይ በጎኑ ተጋድሞ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ተገኘ።

ሁለቱም ከተሞች ተሰበሰቡ። ይሉኝታ ያዛቸው መሰለኝ፣ አናጢው ትንሽ ነጭ የሬሳ ሣጥን ሠርቶ መጣ፣ ቄሱም ጸበል ይዘው ቆሙ፣ ጎረምሶች ምሰሶውን ሊሰብሩ መዶሻ አነሱ። ፔርፔቱዋ ጥቁር ለብሳ ነጭ አንሶላ ታቅፋለች። አጠገቤ ቆማ ነበር።

«ማኖንግ፣ ቀስ እንዲሉ ንገራቸው። በመዶሻው እንዳይመቷት።»

ቀስ በሉ አልኳቸው። ቀስ ማለትም አላስፈለገም፤ ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። የወንዝ አሸዋ ወጣ፣ ድንጋይ ወጣ፣ የቢራ ጠርሙስ ወጣ። ብረት መኖር በነበረበት ቦታ ቀርከሃ ወጣ። ቬርጋራ ለምን ምሰሶው እንዲሰበር እንዳልፈለገ ያኔ ገባኝ። እኩለ ቀን ላይ ሰው የሚያህል ቁራጭ አልቀረም፣ ሁሉም ደቋል። አጥንት የለም። ጨርቅ የለም። አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ የለችም።

ዶናቶ፣ አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ደስ ይበልሽ፣ ኮማድሬ። ወንዙ አልወሰዳትም።»

አናጢው ሣጥኑን ብብቱ ሥር ይዞ የት እንደሚያደርገው ጨነቀው።

ፔርፔቱዋ ፍርስራሹ ላይ ተንበርክካ አሸዋውን በእጇ እያፈሰች ታየው ነበር። ቀና አለች። «እና የት ናት?»

ዶናቶ ምርኩዙን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«እዚህ ናት አላችሁኝ'ኮ። እዚህ ናት ስትሉኝ ነው መፈለግ የተውኩት። የት ናት?»

ከሰዉ መሃል ሳቱርኒና የምትባል አሮጊት ወጣች፤ ዕድሜዋን ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ የዝንጅብል ከረሜላ የምትሸጥ ናት።

«ያን ቀን» አለች፣ «ጃንጥላ የያዘች የማላውቃት ሴት አንዲት ልጅ እየጎተተች የወደቡ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ አይቻለሁ። ልጅቷን በጀርባዋ ነው ያየኋት፣ ፊቷን አላየሁም። ልናገር አስቤ ነበር። በኋላ ግን ምሰሶው ውስጥ ናት ተባለ። ምሰሶው ውስጥ ያለች ልጅ አውቶቡስ ላይ ምን ትሠራለች ብዬ ተውኩት።»

«ታለቅስ ነበር?»

«ታለቅስ ነበር።»

«ምን እያለች?»

«እማ፣ እማ ነዋ። ልጅ ሁሉ እማ ነው የሚለው፣ በምን ልለያት?»

ፔርፔቱዋ አልጮኸችም። አሮጊቷን ልትመታት ነው ብዬ ክንዷን ይዤ ነበር፣ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። አንሶላውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከታ ወደ መናኸሪያው መራመድ ጀመረች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም። እኔ ብቻ ተከተልኳት።

የወደቡ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። እርምጃዋ ፈጣን ነው፣ እያወራች ነው የምትሄደው፣ እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

«ወደቡ ላይ የሚሸጡትን ሴቶች እጠይቃለሁ። እነሱ ሁሉን ያያሉ። ቀይ ዳማ ናት እላቸዋለሁ፣ ይህን ታህላለች፣» እጇን ወገቧ ጋ አደረገች፣ «የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ስትስቅ በምላሷ ትሸፍነዋለች። ሰው እንደዚያ ያለች ልጅ አይረሳም።»

ዝም ልላት ይገባ ነበር፣ አልቻልኩም። እንደዚያ እያለች ስትጠይቅ ሊስቁባት ነው ብዬ ፈራሁ።

«ፔርፔቱዋ፣ ሚንዳ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል'ኮ።»

አንድ እግሯ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ እንዳለ ቆመች። እጇ አሁንም ወገቧ ጋ ነው፣ የልጅ ቁመት እየለካ። ወደ ላይ ከፍ ልታደርገው ሞከረች፣ የት ላይ እንደምታቆመው ግን አጣች።

«መልኳን አላውቀውማ» አለችኝ።

ረዳቱ ትገቢያለሽ አትገቢም እያለ ይጮህባት ጀመር።