ከዋርካው ሥር የተከለከለ ለቅሶ

የሰው ልጅ ኃላፊና ጠፊ ፍጥረት ሆኖ ሳለ ልቡን በማይሰማ ድንጋይና በማይናገር ዛፍ ላይ አሳርፎ እንደሚሄድ፣ የቀረው ወገኑም ከድንጋዩና ከዛፉ ጠባቂዎች ጋር ሲከራከር እንደሚኖር እኔ ወለተ ሐና የተረዳሁት፣ በቁስቋም በዓል ማግስት ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጄን ከመቱ ወዲህ ነው። «ባልሽ ይርዳው በመተማ በረሓ በንዳድ ዐረፈ፤ በዚያው ተቀበረ» ብለው አረዱኝ፤ ከኋላቸውም ደርሰህ የሚባለው አሽከሩ፣ ባዶ ኮርቻ የተጫነችውን፣ ዕንቁ ብሎ የሚጠራትን የይርዳውን በቅሎ ይዞ ያለቅስ ነበር።

ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ይርዳው የብዙ አገር ገበያና ከተማ የረገጠ ነጋዴ ነበረ፤ ነገር ግን ነጋሪት የሚጎሰምበትን፣ ዳኛ የሚያስችልበትን፣ ጥንታዊው ዋርካ ጥላውን የዘረጋበትን የጎንደርን አደባባይ የሚያህል ስፍራ ለእርሱ አልነበረም። ከመንገድ ሲመለስ ወደ ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ከዋርካው ሥር ወርዶ የሰው ሙግት ያዳምጣል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ እኔ በደጅ ቆሜ እናደዳለሁ። «ለመሆኑ ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ ዋርካው?» ስለው፣ «ተይ እንጂ ሐንዬ፣ አገሬ መግባቴን የማምነው እዚያ ስቀመጥ ነው፤ ዋርካው ደግሞ እንዳንቺ አይቆጣም» ብሎ ይስቃል።

ሬሳ በሌለበት የሟቹ ልብስና በቅሎ ቀርበው ይለቀስ ዘንድ ሥርዓት ነውና፣ ለቅሶው ከዚያ ጥላ ሥር እንዲሆንልኝ የአደባባዩን ሹም ለመንሁ። «እሜቴ፣ ችሎት ላይ ነን፤ ነገ ይምጡ» አለኝ፤ በማግስቱ «አዋጅ ይነገራል» አለ፤ በመጨረሻም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «አደባባይ የነጋዴ ማልቀሻ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያልቅሱ» ብሎ ነገሩን ቆረጠው። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል ሊያጽናኑኝ «ልጄ፣ እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ አለ» ቢሉኝ፣ «አባቴ፣ የእርሱንስ መኖር አውቃለሁ፤ ይርዳው ግን በሁሉ ስፍራ አልነበረም» ብዬ እያረርሁ ተመለስሁ።

በለቅሶው ቀን ጋቢውን በኮርቻዋ ላይ አድርገን፣ ዕንቁን እየሳብን በአደባባዩ ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ፣ ጌታዋ ሁልጊዜ ወደሚወርድበት ጥላ ሕዝቡን ጥሳ ገብታ ቆመች። ደርሰህ ልጓሟን ቢጎትት፣ ዘበኞች በዱላ ቢገፏት አልነቃነቅ አለች። ሹሙ «አንሡልኝ ይህችን በቅሎ!» ብሎ ቢጮህ፣ አልቃሿ እትዬ ጥሩወርቅ «ጌታዬ፣ አይፍረዱባት፤ ከበረሓ ገና መምጣቷ ነውና አዋጅዎን አልሰማችም» አለችው። ተሟጋቹ ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅም ሙሾዋን አነሣችው፤ ችሎቱም ተነሥቶ አለቀሰ።

የእኔ ንዴት ግን ዛሬም አልበረደም፤ ሰው የነፈገኝን እንስሳ ሰጥታኛለችና፣ እርስዋም ብትሆን መሞቱን ሳታውቅ፣ እንደ ወትሮው ሙግቱን ሰምቶ ይነሣል ብላ ጌታዋን ጆሮዋን አቁማ ትጠብቅ ነበርና። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መንገድ አድርሶህ በዚያ ጥላ ብታርፍ፣ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ «የይርዳውን ነፍስ ይማር» በልልኝ፤ ለሙት በምድር ላይ የሚቀርለት ርስት ስሙን ሳይለመን የሚጠራለት ሰው ያለበት ስፍራ ብቻ ነውና።