ፕላስቲኩን አምጪልኝ

እሴት ወደ ድሬዳዋ ልትሄድ በተነሣችበት ጠዋት፣ ወንድሟ ሌሊሳ አልጋው ላይ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገራት።

«ሁለት ዓይነት ያሳዩሽ ይሆናል። አንዱ ብረት ነው፣ አንዱ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩን አምጪልኝ። እሱ ይበቃኛል።»

«እሺ» አለችው። እሺ ያለው ግን አፏ ነው።

መቼስ «በቃኝ» ማለት «ጨምሩልኝ» በሆነበት ሀገር ያደገ ሰው፣ «ይበቃኛል» የሚለውን ቃል እንዴት ይመነው? በእነ እሴት ቤት ሦስት ጊዜ «በሞቴ» ያልተባለ እንግዳ እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። የጠገበውም ያልጠገበውም እኩል «ኧረ በቃኝ» ነው የሚለው፤ የትኛው እውነቱን እንደሆነ አንድዬ ይወቅ። ሌሊሳም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ጫማ ሲገዛለት ጣቱን እየጨመቀው «ልክ ነው» ይላል፤ ጠባብ መሆኑ የሚታወቀው ተረከዙ ሲላጥ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሴት ናት፣ ያንን የተላጠ ተረከዝ ያጠበችውም እሷው ናት። ስለዚህ ፕላስቲኩን ሲላት ወዲያው ገባት፣ ወይም የገባት መሰላት። ብረቱ ውድ ስለሆነ ለእኔ አዝኖ ነው አለች በሆዷ።

ሌሊሳ ጭሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። በኋላ ደረጃ መውጣት ከበደው፤ ቀጥሎ ሜዳ ላይ መውደቅ ጀመረ። አዲስ አበባ ወስዳው ሐኪሙ ጡንቻ የሚያሟሽሽ በሽታ ነው፣ ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ መድኃኒት የለውም አላቸው። ከዚያ ወዲህ ውሎው መስኮቱ ሥር፣ ኮምፒውተሩ ፊት ነው። አንድ የጠፈር ጨዋታ አለችው። መርከቡን ከኮከብ ኮከብ እየነዳ ዕቃ ያመላልሳል፣ ድንጋይ ይቆፍራል፣ ደግሞ እንዲሁ ይዞራል። በር ላይ ያለውን አስፋልት መሻገር ያቃተው ሰው እዚያ ማንም አይቀድመውም።

የሚነዳው ግን የኮምፒውተሩን ፊደል እየነካካ ነው። «ይሄ መንዳት አይደለም፣ እቴ» አላት አንድ ቀን። «እውነተኛው በቀኝ እጅ የሚያዝ ዘንግ አለው፣ እንደ አውሮፕላን። በግራ ደግሞ የፍጥነቱ ማንሻ። እጄ ሳለልኝ አንዴ እንደ ሰው ብነዳ ደስ ይለኝ ነበር።»

እጄ ሳለልኝ። ይህ ቃል እሴትን አንጀቷን በላት። «እጅህ ግን ደህና ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

«ደህና ነው» አላት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። እሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ የመዘምራን ጋውንና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሌሊሳ ዳታ በመጣ ቁጥር ስልኩ ላይ ስለ ዘንግ የሚያወራ ቪዲዮ እያየ፣ እሷ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ታየው ነበር። አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል፣ መልሶ ያችኑ ፕላስቲኳን ያያል። አይ ወንድሜ፣ በብረቱ ላይ ዓይኑን እንኳ አያሳርፍም፣ አለች። ለዚህም አለቀሰች፤ ከመኪናው ድምፅ ጋር ስለሆነ አልሰማትም።

ድሬዳዋ የበክሪን ሱቅ ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። የአውሮፕላን ጆይስቲክ ያለው እሱ ብቻ ነው ብለው ጠቆሟት። በክሪ ጉንጩ በጫት የተነፋ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሁለቱንም አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረላት።

እሴት የገበያ ሰው እንደሚያደርገው አደረገች፤ በእጇ መዘነቻቸው። ጭሮ ውስጥ ማንም ይሁን ማን፣ ካውያ ይግዛ ብረት ድስት፣ መጀመሪያ አንሥቶ ይመዝናል። የከበደው ኦርጅናል ነው፣ የቀለለው ለገና ተገዝቶ ፋሲካን የማያይ ዕቃ ነው። ፕላስቲኩ የልጅ መጫወቻ መሰላት። ብረቱ ግን ወደ ታች ሲጎትታት ደስ አላት።

«ልጁ የቱን አለሽ?» አለ በክሪ።

«ፕላስቲኩን ነው ያለኝ።»

«እንግዲያ ፕላስቲኩን ውሰጂለታ አቦ። የሚነዳው እሱ አይደል?»

«አታውቀውም። ለእኔ አዝኖ ነው።»

በክሪ ሳቅ አለ። «ወላሂ ብረቱን ብትወስጂ የምጠቀመው እኔ ነኝ። ግን እዪው፣ ከሥሩ ያለው ሞላ ጠንካራ ነው። ክንድ ይፈልጋል።» ዘንጉን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ለቀቀው፤ ዘንጉ ጧ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሴት ሞከረችው። ቀኑን ሙሉ ወፍራም መቀስ ለሚጨብጥ እጅ ምንም አይደለም። ሞላው መጠንከሩም ቶሎ አይበላሽም ማለት ነው ብላ ወሰደችው። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው «እስኪ ለወንድምሽ ደውዪና ጠይቂው» ቢላት ኖሮ! ስልኩ እንደሆነ በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ግን ስጦታ የሚሰጥ ሰው ተቀባዩን መቼ ይጠይቃል?

ስትመለስ አባዱላው ውስጥ ካርቶኑን ታቅፋ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩ ሽማግሌ እግራቸውን ለመዘርጋት ካርቶኑን ቀና ሊያደርጉላት ሞከሩና «ዻጋ ነው እንዴ የጫንሽው፣ ልጄ?» አሉ። ድንጋይ ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ኦርጅናል ስለሆነ ነው፣ አባባ» አለች፣ ኮራ ብላ።

ሂርና ሲደርሱ ወጣቶች መንገዱ ዳር ድንጋይ ከምረው ቆመዋል። ሹፌሩን አስቁመው በኦሮምኛ ጥቂት ካነጋገሩት በኋላ ለቀቁት። ነገ መንገዱ ይዘጋል ተባለ። እሴት ዛሬ በመግዛቷ አምላኳን አመሰገነች።

ሌሊሳ ካርቶኑን ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ በራ። ሥዕሉን ሲያይ ግን ደነገጠ።

«ብረቱን ነው ያመጣሽው?»

«አዎና! ይሉኝታህን አጥቼው ነው?»

ዓይኑን ከሥዕሉ ወደ እሷ መለሰ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እቴ» አለ።

ካርቶኑን እሷው ቀደደች፣ ዘንጉን በቀኙ፣ ማንሻውን በግራው አስቀመጠች፣ ገመዱን እሱ እየመራት ሰካች። መርከቡ ስክሪኑ ላይ ተንሳፍፎ ቆሟል። ሌሊሳ ቀኝ እጁን በግራው አንሥቶ ዘንጉ ላይ አኖረ። ገፋው። ዘንጉ ትንሽ ዘመም አለና መልሶ ቆመ። እንደገና ገፋ፤ ጣቶቹ ተንሸራተው ወደቁ። በትከሻው ተጋግዞ፣ የአንገቱ ሥር እስኪወጣጠር ሞከረ፤ መርከቡ አፍንጫውን እንኳ አላዞረም።

«ሸወደኝ ያ በክሪ! ተበላሽቷል» አለች እሴት፣ ጎንበስ ብላ ዘንጉን ስትይዝ። ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ሄደ። ወደ ግራ ገፋችው፣ ሄደ። መርከቡ ከወዲያ ወዲህ ተንገላታ።

ያን ጊዜ ነው እጁን ያየችው። በየቀኑ የምታየውን እጅ። በአውራ ጣቱ ሥር የነበረው ሥጋ ጎድጉዶ ቆዳ ብቻ ቀርቷል። «ሻይ ሞልተሽ አትቅጂልኝ» ማለት መጀመሩ፣ እሷ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ ብላ የተጨነቀችበት፤ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ትቶ ቲሸርት ብቻ መልበሱ፤ እሷ ስትገባ ጨዋታውን ማቆሙ። ሁሉም አንድ ላይ መጣባትና ቁጭ አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከርሟል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እግሬን የነገርኩሽ ጊዜ የሆንሽውን አስታውሺ እንጂ። እህል አልቀምስም ብለሽ አልጋ ያዝሽ። ቤቱ በጸሎት ሰው ተሞላ። ሁሉም ተራ በተራ እጁን ጫነብኝ፣ ደግሞ ሲወጡ በር ላይ ቆመው እምነት ጎድሎት ነው ይላሉ፣ እሰማቸዋለሁ። ያንን እንደገና አልፈልግም፣ እቴ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የፕላስቲኩ ሞላ ልል ነው። እሱን እችለው ነበር። ሌላውን ባልነግርሽም ይሄን ነግሬሽ ነበር። ፕላስቲኩን ብዬሽ ነበር።»

ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። የተናገረው ግን እንደ ደከመው ሰው ነው።

«ነገ ሄጄ እለውጠዋለሁ» አለች።

በማግስቱ ሂርና ላይ መንገዱ ተዘጋ። ድንጋይና ጎማ ነው አሉ፣ ወፍ አያልፍም። ዳታም ጠፋ። በክሪ በስልክ «አምጪው፣ እለውጥልሻለሁ፣ ችግር የለም» አላት፣ አንጀቷ ራሰ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ፕላስቲኩን አንድ የሐረር ሰው ወስዶታል አላት። ከጅቡቲ ሌላ ይመጣል አለ። ይመጣል፣ ይመጣል ሲባል ጊዜው ሄደ፤ የሌሊሳ ጣቶችም አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ታጠፉ።

እሴት የእጁን ነገር ብቻዋን መያዝ ስላልቻለች የጸሎት ቡድኑን ለሚመሩት ለወይዘሮ ፈለቀች ነገረቻቸው። እንዳይመጡ ግን ለመነቻቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች አዝነው። የተናገረውስ የት አገኘ? አለች እሴት በልቧ። በአፏ ግን አሜን ብላ ወጣች።

በክሪ በመጨረሻ ዕቃው መጣ ብሎ ሲደውል፣ ሌሊሳ ማንኪያ መያዝ ካቆመ ሰንብቷል። «ተወው» አለችውና ስልኩን ዘጋች። በክሪ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አልነገረችውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሌሊሳ ጠራት። «ያን ነገር አምጪልኝ እስቲ» አለ። «እንደገዛሽው ሰሞን አድርገሽ አስቀምጪው።»

አመጣች። ዘንጉን በቀኝ፣ ማንሻውን በግራ አስቀመጠች። ሌሊሳ ዘንጉን አላየውም። የግራ እጁን ጀርባ ማንሻው ላይ አስደግፎ በክንዱ ክብደት ገፋው። ማንሻው ሞላ የለውም፤ የገፉት ቦታ ላይ ይቀራል። ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ። መርከቡ ተንቀጠቀጠና ወደፊት ተወነጨፈ። ከዋክብቱ በግራና በቀኝ እያለፉ ሳሱ፣ ከዚያ ጥቁር ብቻ ቀረ።

እሴት በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ቀጥታ።»

«ከፊት ምን አለ?»

«ምንም የለም። ካርታው አልቋል።»

አላስቻላትም። እጇን ሰድዳ ብረቱን ዘንግ ያዘች። ለእሷ እጅ አሁንም ቀላል ነው። «ወደ ከዋክብቱ ልመልስልህ? በየት በኩል ላዙረው?»

ሌሊሳ እጇን ትክ ብሎ አየው። «ዛሬ የምልሽን ትሰሚኛለሽ፣ እቴ?»

«እሰማሃለሁ።»

«አትንኪው።»

«በሞቴ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣባትና ዋጠችው። እጇን ከዘንጉ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። መርከቡም ቀጥ ብሎ ሄደ።