ስለ እርሱ፣ ወደ እርሱ

ሸምሶ ክንዱን አሽከርክሮ ድንጋዩን ወረወረው። ድንጋዩ ከገደሉ አፋፍ ተነስቶ ጥቂት እንደ ወፍ ተንሳፈፈና፣ ከታች ያለው አረንጓዴ ውሃ ላይ ሊያርፍ ነው ሲሉት ከገደሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጠብ ያለ ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

«አየህ? ዛሬም አልደረሰም» አለ ሸምሶ፣ መዳፉን በሽርጡ እየጠረገ። «ሸይጣኑ ነው የሚቀልበው።»

«ክንድህ አርጅቶ ነው» አለ ወልደአማኑኤል።

ሁለቱም ሳቁ። ልጆች ሳሉም ሐረ ሸይጣን ከተባለው ከዚህ ሐይቅ አፋፍ ላይ ቆመው እየወረወሩ፣ አንዳቸውም ውሃውን ሳይነኩ ተመልሰዋል። ዛሬ ገና ሳይነጋጋ ከቡታጅራ በበቅሎ ወጥተው የመጡት ወልደአማኑኤል «ቤት ውስጥ መተንፈስ አቃተኝ» ስላለ ነው። ጭጋጉ ከገደሉ ጥልቀት እየተነሳ በእግሮቻቸው መካከል ያልፋል። ውሃው አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሰወራል። ቆመው እያዩት ሰው የሚያልመው እንጂ የሚያየው አይመስልም ነበር።

ወልደአማኑኤል አዲስ አበባ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሃይማኖት ፍልስፍና መምህር ነው። አቴና ድረስ ሄዶ ተምሯል። እግዚአብሔር መኖሩ በምን ይታወቃል፣ ቸር ከሆነስ ዓለሙ ለምን በመከራ ተሞላ፣ ሁሉን ለሚያውቅ አምላክ ልመና ምን ይጨምርለታል እያለ መጠየቅ እንጀራው ነው። በዚህም ላይ ሰዎች የሚያከብሩት መጽሐፍ ጽፏል። የቡታጅራ ሰው ግን ሥራውን በአጭሩ «የእግዜርን ነገር የሚመረምር» ይለዋል።

ባለፈው የትምህርት ዓመት ማብቂያ ላይ ስለ ወሎ ረሃብ በተወራበት ሰሞን አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተነስቶ፣ «መምህር፣ እዚያ ሕዝብ ሲያልቅ እግዚአብሔር የት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ወልደአማኑኤል ጥሩ አድርጎ መለሰ፤ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ፣ ተቃውሞውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳ። ተማሪው እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ «መልሱ ገብቶኛል። እርስዎ ራስዎ ግን ጠይቀውት ያውቃሉ?» አለው።

ከዚያ ወዲህ ወልደአማኑኤል መጸለይ አቃተው። ስለ እግዚአብሔር ሲናገር ቃል አያጥረውም፤ ወደ እግዚአብሔር ሲዞር ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ዱሮ ለተማሪዎቹ፣ «እኛ ለወረዳ ገዢው ‹እርስዎ› እንላለን፣ ሰማይና ምድርን ለፈጠረው ግን ‹አንተ›። ይህን ያህል የቀረበ ማነው?» እያለ ያስቃቸው ነበር። አሁን ያቺን አንዲት ቃል ማውጣት ተራራ ሆነበት።

አባቱ አቶ ገብረወልድ ክረምቱ መሃል ላይ አረፉ። ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው ለቀብራቸው እንኳ አልደረሰም። ይኸውና የመጀመሪያው መስቀል ያለ እሳቸው መጣ። ምርቃታቸው ይደርሳል የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ሳይመርቁ ግቢው ውስጥ በሬ አይታረድም ነበር። ዛሬ ቦታው የበኩር ልጅ የወልደአማኑኤል ነው።

«ዘርፈሽዋል ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለ ወልደአማኑኤል ወደ በቅሎዎቹ ሲመለሱ። «‹ወንድምጋሼ፣ ምርቃቱን አደራ። ለዚህኛው ልጅ ለምንልኝ። አንተ ስለ እሱ መጽሐፍ የጻፍክ ሰው ነህ፣ ያንተን እንቢ አይልም› አለችኝ።»

ሸምሶ ራሱን ነቀነቀ። የወልደአማኑኤልን እህት ታሪክ ያውቃል። ሁለት ጊዜ ወልዳ፣ ሁለቱም ሳያለቅሱ ነው የተቀበሩት። አሁን ሦስተኛውን አርግዛ ወሯ ገብቷል።

«ታዲያ ለምንላታ!»

«ዝም ብዬ ቃሉን ብደረድር እሷን ማታለል ነው። እሷን ብቻም አይደለም።»

ሸምሶ ኮርቻውን አጠበቀ። «አባትህ ሊሞቱ ሲሉ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ» አለ። «‹ሸምሶ፣ አንተም በበኩልህ ዱዓ አድርግልኝ› አሉኝ። አደረግሁ።»

«ተሰማልህ?»

«ሞቱ እኮ!» አለ ሸምሶ። «ተናድጄ ነበር። መናደዴንም ነገርኩት። ለሌላ ለማን እነግራለሁ?»

በቅሎዎቹ ላይ ወጥተው ወደ ቤት አቀኑ። በቅሎዎቹ መንገዱን ያውቁታል። ግራና ቀኝ የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠሎች በነፋሱ እየተወዛወዙ ይከፈታሉ፣ መልሰው ይዘጋሉ። ወልደአማኑኤል በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ የአባቱን ድምፅ የሰማ መሰለው። ቃሉ ግን አልተለየለትም፤ ዜማው ብቻ ነበር።

ግቢው ሲደርሱ ሰዉ ተሰብስቧል። በሬው ከዛፍ ሥር ታስሯል። ቆጮው ተጋግሯል፤ ሸምሶ ከሥጋው ባይበላም አይብና ጎመኑ ለብቻው ተቀምጦለታል። የወልደአማኑኤል እናት ወይዘሮ ወለተ ሐና የሐዘን ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ወደ በሩ መጡ።

«ሰው ጠበቀህ፣ ልጄ። በል፣ በአባትህ ቦታ ቁም።»

«እማ፣ አንቺ ብትመርቂስ?»

«እኔ አሜን እላለሁ» አሉ፣ ክንዱን ይዘው እየመሩት። «ያንን ማንም አይቀማኝም።»

ቆመ። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«እግዚአብሔር ዘመኑን የሰላም ያድርግልን።»

«አሜን!»

«እህሉን ይባርክልን፣ ከብቱን ያርባልን።»

«አሜን!»

«የተጣላውን ያስታርቅልን፣ የራቀውን ያምጣልን።»

«አሜን!»

ቀላል ነበር። አፉ ያውቀዋል። ስለ እግዚአብሔር እያወራ እስከ ማታ መቀጠል ይችል ነበር። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ዘርፈሽዋልን አያት። አንድ እጇን ዘርግታ በሌላው ሆዷን ደግፋለች፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ምርቃቱን አቋረጠ። የበሬው ትንፋሽ ይሰማ ጀመር።

«አንተ!» አለ ወልደአማኑኤል ድንገት፣ ድምፁ ከፍ ብሎ።

«አቤት!» አለ ሸምሶ ከአጥሩ ሥር፣ የተጠራ መስሎት።

ሰዉ ሳቀ። ሸምሶ አፍሮ አፉን በመዳፉ ያዘ። ወልደአማኑኤልም ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ደረቱ ውስጥ ታስሮ የነበረው ነገር ላላለት፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

«አንተ» አለ እንደገና፣ አሁን በዝግታ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ። «የፊተኞቹን ሁለቱን ለምን እንደወሰድካቸው አላውቅም። የወሎን ሕዝብ ለምን እንደዚያ እንዳደረግከው አላውቅም። ለሰው ሳስረዳ ኖሬያለሁ እንጂ አንተን ራስህን ጠይቄህ አላውቅም። አሁን እጠይቅሃለሁ። ይህችን እህቴን ደግሞ አታስለቅሳት። እለምንሃለሁ።»

አሜን የሚል ጠፋ። እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምተው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ ጮክ ብለው።

«አሜን!» አለ ግቢው ሁሉ ተከትሎ።

ዘርፈሽዋል በሰዉ መካከል እየተጋፋች ወደ እሱ መጣች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ተቆጣኸው እኮ፣ ወንድምጋሼ!»

«አዎ።»

«እሺ ካላለህስ?»

መጽሐፉ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበረው። «አላውቅም» አላት።

«ነገ በአውቶቡሱ ትሄዳለህ?»

«አልሄድም። እስክትገላገዪ እዚሁ ነኝ።»

«ተማሪዎችህስ?»

«ይጠብቁኝ» አለና ኮቱን አውልቆ ለእሷ አስያዛት። እጅጌውን ሰብስቦ ወንዶቹ ወደቆሙበት ሄደ፤ የበሬውንም ገመድ ከሰዉ ጋር ያዘ።