ለመውደድ የሚያስቸግር ሰው

ሰዓት ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ደቂቃ» ይለዋል። ለአራት ሰዓት የቀጠረው ደንበኛ አራት ከአምስት ላይ ብቅ ካለ በሩን ይዘጋበታል፤ እሱም በበኩሉ በዘመኑ አንድ ሥራ ከቀጠሮው አሳልፎ አስረክቦ አያውቅም። ምላሱ ግን እንደ ሰዓቶቹ አልተስተካከለችም፤ ለእሷ ጠጋኝ አልተገኘም።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው። እሷ የስፌት መኪናዋን ስታስነሣ ችፑዱ ይርገበገባል፣ የእሱ ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፣ ከአሸዋ የማይተልቁ ብሎኖቹ እየዘለሉ ወለሉ ላይ ይበተናሉ። እሱ በመጥረጊያ እንጨት ግድግዳውን ይደበድባል፤ እሷ በመቀስ እጀታ ትመልስለታለች። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?» ስትለው ጆሮውን ማመን አቃተው።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት።

«ምንም። ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ቀኑን ሙሉ መሳቢያውን ሲቆልፍ ዋለ። ማክሰኞ የባሰው መጣ። አንድ የእጅ ሰዓት ፈታትቶ ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ ከግድግዳው ማዶ «ጋሼ፣ መኪናዬን አቁሜያለሁ፤ ሲጨርሱ ይንገሩኝ» የሚል ድምፅ ሰማ። ዝምታው ስላስደነገጠው ብሎኑን ራሱ ጣለው። ረቡዕ ትኩስ ሾርባ በፔርሙዝ አመጣችለት። መርዝ እንዳይሆን ብሎ ግማሹን ብቻ ጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሕይወት መኖሩን ሲያረጋግጥ የቀረውን ጨረሰው።

ዓርብ «የተቀደደ ኪስዎን ልስፋልዎት» ብላ የሥራ ካፖርቱን ስትወስድ ነገሩ ሁሉ ገባው። ለካ ጥሩ ሰው ኖሯል! ስድስት ዓመት ቢዘገይም ታወቀለት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«ሰዉ እኮ ጠባዬን እያወቀው መጥቷል» አላት ለሚስቱ፣ ቤት እንደገባ።

«እሱንማ ድሮም ያውቀዋል» አለች ሚስቱ።

ቅዳሜ ካፖርቱ ተሰፍቶ ተመለሰ። እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ግን አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ልብስ ሰፊዋ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያመጣችው ነው። «የሳምንቱ ተግባር» ይላል፤ «ለመውደድ የሚያስቸግራችሁን አንድ ሰው መርጣችሁ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ከልብ ውደዱት።» ከሥሩ በእሷ የእጅ ጽሑፍ፦ «ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው። ጌታ ሆይ፣ ሌላ ሰው አይሆንም?»

ቅስሙ ተሰበረ። ስድስት ዓመት ስትጠላው ከፍቶት አያውቅም። አምስት ቀን መወደዱን ለምዶት ነበርና አሁን ከፋው፤ እንደ ልጅ ከፋው።

«የቤት ሥራ ነበርኩ!» ብሎ ማታ ቤት ሲገባ ወረቀቱን ለሚስቱ ወረወረላት።

ሚስቱ አንብባ በሳቅ ፈነዳች። «ምን ታማርራለህ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለእሷ የሰጧት አንድ ሳምንት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመቴ፤ ወረቀት እንኳ የሰጠኝ የለም።»

ሰኞ ገና በማለዳው ወረቀቱን ይዞ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ተገተረ። ፊት ለፊቷ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሏል።

«እዚህ ላይ ‹ከልብ› ይላል» አላት። «አጎቴ ግዕዝ ያውቅ ነበር። በግዕዝ ‹ከልብ› ማለት ውሻ ነው። ያንቺም ፍቅር የውሻ ነው!»

አንገቷን ደፋች። «እውነትዎን ነው፤ መጀመሪያ ከልቤ አልነበረም» አለች። «ያችን የሰኞዋን ሰላምታ እንኳ መስታወት ፊት ቆሜ ነው የተለማመድኳት።» ከዚያ ቀና አለች። «ግን ጋሼ፣ ውሻ እኮ ታማኝ ነው።»

ጋሽ ደቂቃ ወረቀቱን አጣጠፈው።

«ለመሆኑ በዚህ ሳምንት ማን ደረሰሽ?» አላት።

«የዚህ ሳምንቱ የታመመ መጠየቅ ነው። የእርስዎ ትናንት አብቅቷል። እኔም ይህን ሁሉ ለቀትር ማድረስ አለብኝ።»

አብቅቷል። ወደ ሱቁ ተመለሰ፣ ማጉያ መነጽሩን አደረገና ለሦስት ሰዓት ተኩል የተቀጠረውን የእጅ ሰዓት ከፈተ። ብሎኖቹን ዘረገፈ። መኪናው እስኪነሣ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ጠበቀ። ምንም የለም።

«ጋሼ» አለች ከችፑዱ ማዶ፣ «ሲጨርሱ ይንገሩኝ።»

ወረቀት የለ፣ አስተማሪ የለ፣ ሳምንቱም አልቋል። አልቅስ አልቅስ አለው።

«ጨርሻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ስፊ!»

ገና አልጀመረም ነበር። በሥራው ሲዋሽ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። መኪናው ተነሣ፣ ችፑዱ ተርገበገበ፤ እሱም ሁለት መዳፎቹን ብሎኖቹ ላይ ከድኖ ቁጭ አለ።

ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ደንበኛው ገባ። «ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

ደንበኛው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም ሦስት ተኩል ይላሉ። ከዚያ ሰውየውን አየው። «አሞዎታል እንዴ፣ ጋሽ ደቂቃ?»

«ቁጭ በል» አለው መዳፎቹን ሳያነሣ። «ጎረቤቴ እየሰፋች ነው።»