ድምፃቸው የጠፋው አሮጊት

ኩራተኛ ናት ይሉኛል። ነኝ። ሁለት ልብ ወለድ አሳትሜ፣ ሁለቱም ተሸጠው አልቀው፣ አሁንም አንገቴን ደፍቼ እንድሄድ የሚፈልግ ካለ ብዙ ይጠብቃል።

«ተመስጦ ከየት ታመጪያለሽ?» የሚለኝ ሰው ግን ያናድደኛል። ተመስጦ እኔ ቤት ቀጠሮ አክብሮ መጥቶ አያውቅም። ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ እቀመጣለሁ፤ ከመጣ መጣ፣ ከቀረም የራሱ ጉዳይ። ችግሩ እሱን ስጠብቅ ሌሎቹ ቀድመው መምጣታቸው ነው። ስልኬ ይጮሃል፤ ላጥፋው ብዬ አነሳና ሳላስበው የማላውቃትን ሙሽራ ፎቶ አንድ በአንድ ስመለከት እገኛለሁ። እሱን አስቀምጬ ስመለስ የማቀዝቀዣው በር ጎማ መቆሸሹ ትዝ ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ ዞር ብዬ ያላየሁት ጎማ፣ ከባድ ምዕራፍ ስጀምር በጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል። ቤቴ ከመጠን በላይ ከጸዳ መጽሐፉ ታሟል ማለት ነው።

አሠራሬም የራሴ ነው። በአፌ ያልተናገርኩትን ንግግር አልጽፍም። ገጸ ባሕርዮቼ ሲነጋገሩ በየድምፃቸው የምነጋገረው እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደድኩ፣ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እየሆንኩ። አፍ ላይ ያልተመቸ ቃል ወረቀት ላይም አይመችም። ብቻዬን ስለምኖር የሚታዘበኝ የለም ብዬ ነበር።

ሦስተኛው መጽሐፌ ስለ አንዲት አሮጊትና ስለ ልጃቸው ነው። አሮጊቷ ምላሳቸው ምላጭ ነው። ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ እንዳትሄድባቸው የማይሠሩት ተንኮል የለም፤ ይታመማሉ፣ ይድናሉ፣ ጫማዋን ይደብቃሉ። ድምፃቸውን ከጉሮሮዬ ሥር፣ ከነሳሉ ነው የማወጣው። ለወራት ከእሳቸው ጋር ስጨቃጨቅ ከረምኩ፤ በሥራዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ልጅቷ ሻንጣዋን ዘጋች። እዚህ ላይ እናትየው አንድ ነገር ማለት ነበረባቸው። መጽሐፉ በሙሉ የተጻፈው ለዚያች ንግግር ነው ማለት ይቻላል። አፌን ብከፍት ባዶ ሆነ። እርግማን ሞከርኩ፣ ልቅሶ ሞከርኩ፣ ምርቃት ሞከርኩ። ሁሉም የእኔ ቃል ነው እንጂ የእሳቸው አልሆን አለ። ስታገል ሰንብቼ ክፉ ጥርጣሬ ገባኝ። ይህች ሴትዮ ከመጀመሪያውም አልነበረችም፤ እንጨት ላይ ልብስ ሰቅዬ ሳስለፈልፍ ነው የከረምኩት አልኩ። አፌን ዘጋሁ። ወረቀቶቹን ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ሳምንት ሙሉ እቃ ሳጥብ ማቀዝቀዣው መስታወት መሰለ።

ታላቅ ወንድሜ የቀለም ፋብሪካ ኃላፊ ነው። ማስታወቂያ የሚጽፍለት ሰው ፈልጎ ቦታውን ለእኔ አስቀምጦልኝ ነበር፤ ቅዳሜ ሲመጣ አዎ ወይ አይ የሚለውን ቁርጥ ልነግረው ተቀጣጥረን ነበር። ሙሉ ቀን የሚያውል ሥራ ነው። ራሴን አውቃለሁ፤ ቀን ስለ ቀለም ጽፌ ማታ ስለ አሮጊት የምጽፍ ሴት አይደለሁም። ከገባሁ ሦስተኛው መጽሐፍ ቀረ፣ አራተኛውም ቀረ። ቢሆንም አዎ ልለው ወስኜ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ዙሪያውን ተመለከተ።

«ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚያበራው?»

«ሥራ ፈትቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ደግ። ሥራ አምጥቼልሻለሁ።» ተቀምጦ እጆቹን አፋተገ። «አየሽ ለፍላፊት፣» ቤተሰቡ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ እንዲህ ነው፣ «መጻፍ ተዪ አላልኩሽም። ግን በሌሉ ሰዎች ጉዳይ ስትብሰለሰዪ ዕድሜሽ አለቀ። እስቲ ያለ ነገር ጻፊ። ቀለም ይታያል፣ ይዳሰሳል።»

ሳምንቱን ሙሉ ለራሴ ስለው የሰነበትኩት ይህንኑ ነበር። «እሺ» ልል አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ።

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ባልየው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሚስትየው ጡረታ የወጡ አዋላጅ። ደረጃ ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ ትውውቅ የለንም። ሚስትየው ትኩስ ድስት በጨርቅ ይዘዋል። ባልየው ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

«ይቅርታ እህቴ፣ እንግዳ አለብሽ መሰል» አሉ ሚስትየው በሹክሹክታ። «እናትሽን ልንጠይቅ ነው። እንዴት ናቸው?»

ወንድሜን ዞሬ አየሁት። ከወንበሩ ተነስቷል።

«የማን እናት? እናታችን ካረፈች'ኮ ዓመታት አለፉ!»

«የምን ዓመታት?» አሉ ሾፌሩ። «ባለፈው ሰሞን ሲራገሙ በጆሮዬ ሰምቻለሁ'ኮ! ሲያስሉም፣ እሷን ሲሰድቡም።»

«እንደዚያ የሚለፈልፍ ሰው ድንገት ዝም ሲል ያስፈራል» አሉ ሚስትየው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ሾርባ ሠርቼላቸው ነው። ምን ሆነው ነው? ግድ የለም፣ ንገሪን።»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። በቃል ባስረዳ የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። ጎንበስ ብዬ አሳልኩና ከጉሮሮዬ ሥር «ደጄ ላይ የሚያንሾካሹክ ማነው? ከገባችሁ ግቡ፣ ብርዱን አታስገቡብኝ!» አልኩ።

ሴትየዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ድስቱ ለጥቂት ተረፈ። ሾፌሩ በትከሻዬ በኩል ወደ ውስጥ አጮለቁ። ወንድሜ ተመልሶ ተቀመጠ።

ደራሲ መሆኔን፣ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ መጻፍ እንደማልችል ነገርኳቸው። ሚስትየው መጀመሪያ ተቆጡ።

«እኔ'ኮ ስጸልይላቸው ነው የከረምኩት! አንድ ቀን ስትጮሂባቸው ልንገባ ተነስተን፣ እሱ ነው የያዘኝ።»

«ጫማዋን የደበቁ ቀን ነው» አሉ ሾፌሩ። «ተረኛ ካልሆንኩ ጭቅጭቁ ሲጀመር ቴሌቪዥኑን ዘግተን እንሰማለን። ግድግዳው ስስ ነው፣ ምን ይደረግ። እኔ ለአሮጊቷ ነው የፈረድኩት።»

«እሱ ምን ያውቃል፤ እኔ ለልጅቷ» አሉ ሚስትየው።

ኮራሁ። ምን አስደበቀኝ፣ ልቤ እስኪያብጥ ኮራሁ። መጽሐፎቼ ተሸጠው ሲያልቁ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። ያቺ እንጨት ናት ብዬ ካርቶን ውስጥ የከተትኳት ሴት፣ መልኳ ሳይታይ፣ በሳልና በስድብ ብቻ ግድግዳ ተሻግራ ሄዳ ሰው አስለቅሳለች። ለእንጨት ሾርባ የሚሠራ የለም።

«ታዲያ አሁን ሞተዋል ወይስ አሉ?» አሉ ሚስትየው ድስቱን እንደያዙ።

«አሉ» አልኩ። «ልጅቷ ልትሄድ ሻንጣዋን ስትዘጋ ዝም አሉ።»

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ዝም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን አፋቸው ተዘግቶ የማያውቅ ሴት፣ ልጃቸው በር ላይ ቆማ እርግማኑን ስትጠብቅ፣ ምንም አይሉም። ልጅቷ ደረጃውን ጥቂት ትወርድና ጆሮዋን ታቆማለች። ሳል የለም፣ ስድብ የለም። እናቷ በሕይወቷ እንደዚያ አስፈርታት አታውቅም። ቃል ስፈልግ የሰነበትኩት ቃል በሌለበት ቦታ ነበር ለካ። ገጸ ባሕርይዋ ሥራዋን ጨርሳ ስትጠብቀኝ እኔ ጎማ እፈትጋለሁ።

«እንግዲያው ሾርባውን አንቺው ጠጪላቸው» አሉ ሚስትየው፤ ድስቱን ሰጥተውኝ ባላቸውን እየገፉ ወጡ። ሾፌሩ ከኮሪደሩ «ነገ ተረኛ አይደለሁም!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ወንድሜ ስለ ፋብሪካው ሊያነሳ ጀመረና ተወው። ኮቱን ለበሰ። በሩ ጋ ደርሶ እጀታውን ይዞ ቆመ።

«ለመሆኑ» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «ልጅቷ ትሄዳለች ወይስ ትመለሳለች?»

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ሲወጣ ገዝተህ ታነባለህ» አልኩት።