የጊፋታ ልስን

ፈጠነች ከሐዋሳ ሥልጠና ተመልሳ ከሚኒባሱ እንደወረደች የሶዶን አዳራሽ አየችውና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ዋዜማ ነበር፣ መስከረም ሁለት ሺህ ስድስት።

አዳራሹ በጃንሆይ ዘመን ሲሠራ ልስን የሚባል ነገር አልነካውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርቃኑን የቆመ አርማታ ነው፤ ሲሚንቶው የፈሰሰበት ሳንቃ ጅማቱ ሳይቀር ግድግዳው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ፊት ለፊቱን ከላይ እስከ ታች የሸፈነው ባለቀዳዳ ግድግዳ ፀሐዩን ይመልስና የዳሞታ ተራራን ነፋስ ያስገባል። ሶዶ በየካቲት ሐሩር ስትጠበስ እዚያ ውስጥ ሹራብ ያስፈልግ ነበር። የከተማው ሰው ግን «ያላለቀው ቤት» እያለ ነው የሚጠራው።

ፈጠነች የቅርስ ባለሙያ ናት። ይህ ያላለቀ ቤት ቅርስ ነው ብላ ስትከራከር ሦስት ዓመት ተሳቀባት። ቅርስ ማለት ከበሮና የንጉሥ ዙፋን ብቻ ለሚመስላቸው ሰዎች፣ ዓለም እንዲህ ያሉ የዘመናዊነት ሕንፃዎችን ከጥንት ሐውልቶች እኩል እየመዘገበ መሆኑን ፎቶ እያሳየች ለመነች። በመጨረሻ ተሳካላት፤ በጊፋታ ዕለት እንዲመዘገብ ተወሰነ። ደስ ብሏት ሐዋሳ ሄደች። ሁለት ሳምንት ብቻ!

አሁን ቀዳዳዎቹ አንድ ሳይቀር ተደፍነዋል። ግድግዳው ወፍራም ልስን ጠጥቷል፤ በልስኑ ላይ የባህል ልብሱን የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ስለውበታል። እርጥቡ ቀለም ላይ ዝንብ ተጣብቋል። በሩ ላይ ደግሞ ያ የማይቀረው ሰማያዊ መስታወት ተገጥሟል።

«አላወቅሽውም አይደል?» አሉ አለቃዋ አቶ ኤርካሎ፣ ፊታቸው በርቶ። «ለጊፋታ ቤቱን የማይለስን ማን አለ? ቅርስ ነው ብለሽ ስታበቂ እንግዳ ፊት እርቃኑን እናቁመው?»

የሚያስጠላው ከልባቸው መሆኑ ነው። ተንኮል ቢሆን ትጣላቸው ነበር።

በማግስቱ ለምርቃቱ ጋሽ አንጁሎ ተጠሩ። ያንን ባለቀዳዳ ግድግዳ ከሠሩት ግንበኞች በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሰው እያጨበጨበ ወደ ግድግዳው መሯቸው። በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ላይ፣ ቀዳዳ ፍለጋ። ከዚያ ቀለም የነካ እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ።

«ልጄ፣» አሏት ፈጠነችን፣ «ወዴት ነው ያመጣችሁኝ? የእኔ የት አለ?»

እዚሁ ነው ልትላቸው ፈለገች። 

«የለም፣ ጋሼ» አለቻቸው።

ጭብጨባው ሳያባራ አቶ ኤርካሎ የቅርስ መዝገቡን አምጥተው ፊቷ ዘረጉት። እሷ ገጹን ገልብጣ ወደ መጨረሻው ክፍል ሄደች፤ የጠፉና የተሰረቁ ቅርሶች ወደሚመዘገቡበት። የአዳራሹን ስም እዚያ ጻፈች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አቶ ኤርካሎ ደንግጠው። «ይኸው ቆሞ የለም እንዴ!»

 ቀኑን ሞላች። ቀጥሎ «ለመጥፋቱ ምክንያት የሆነው ሰው» የሚል ክፍት ቦታ አለ። የኤርካሎን ስም ልትጽፍ ቃጣት፤ ብዕሩ ግን ወረቀቱ ላይ ሳያርፍ ቆመ። ሃምሳ ዓመት ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ቤት፣ እዩት፣ ክቡር ነው ብላ እጃቸው ላይ ያስቀመጠችው ማን ናት? አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ኖሮ ላላለቀ ቤት ማን ልስን ያባክን ነበር?

ራሷን ተጸየፈች። በክፍቱ ቦታ ላይ «ፈጠነች» ብላ፣ ከነአባቷ ስም ጻፈች።