ሁለት ኮሌጆች የተሻሙባት ልጅ

ገንዘቤ ኤርሳዶ ማትሪክ በተፈተነችበት ዓመት ብሔረሰቧ ምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቦሌ ያለው ጎህ የንግድ ሥራ ኮሌጅም ሆነ ላምበረት ያለው ድል የንግድ ሥራ ኮሌጅ ማመልከቻዋን ተቀብለው ዝም አሏት። የጎህ ሬጅስትራር መስኮቱን ሲዘጋባት አፍንጫዋ ለጥቂት ነው የተረፈው። የድሉ ደግሞ «ነገ ነይ» እያለ መስቀልን አሳልፎ እስከ ኅዳር ሚካኤል አመላለሳት። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ገርጂ ቤቷ ገባችና ከልብስ ሰፊው አባቷ ጋር የኤርፖርት ሠራተኞችን ሱሪ ማሳጠር ጀመረች።

በዓመቱ፣ በሰባ ስድስት ግንቦት ላይ፣ ከላይ ትእዛዝ ወረደ። መጪው መስከረም አብዮቱ ዐሥር ዓመት ይሞላዋል። እያንዳንዱ ኮሌጅ የብሔረሰቦችን ተዋፅኦ አሟልቶ፣ በየልብሳቸው አልብሶና በየጭፈራቸው አስጨፍሮ እንዲወጣ፤ በምሥራቁ የከተማው ክፍል አንደኛ ለሚሆነው ደግሞ አዲስ አውቶቡስ እንደሚሸለም ተነገረ። አውቶቡስ የምትለዋ ቃል በሁለቱ ኮሌጆች ውስጥ የቀሰቀሰችውን የብሔረሰቦች ፍቅር እግዜር ይየው። እስከዚያች ቀን ድረስ ብሔረሰብ ማለት ለዲኖቹ የቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ነበር። አሁን በየክፍሉ እየዞሩ «አንተ የየት ነህ? አያትህስ?» ማለት ጀመሩ። ቆጥረው ቆጥረው ሲጨርሱ ሁለቱም ሀዲያ የላቸውም።

መጀመሪያ የመጣው የጎህ ምክትል ዲን ጓድ ሙሉአለም ነው። ቮልሱን የገርጂ ጭቃ ውስጥ አስገብቶ፣ በእግሩ ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆመ።

«ሀዲያ ናችሁ አሉ!» አለ፤ ሎተሪ የወጣለት ይመስላል።

አቶ ኤርሳዶ በከንፈራቸው የያዙትን መርፌ አወጡና ክስ መስሏቸው «ምን አጠፋን?» አሉ።

«ኧረ ምንም! ልጅዎን ፈልገን ነው። ያለ ፈተና፣ ያለ ክፍያ፣ ሂሳብ አያያዝ እናስገባታለን።»

በማግስቱ ደግሞ የድል የባህል ጉዳይ ኃላፊ ጓዲት ሃረገወይን መጣች። እሷ የምሳ ካርድ ጨመረችበት። ያን ሁሉ ቀን «ነገ ነይ» ስትባል የከረመችውን ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ባለሥልጣን እቤቷ ድረስ መጥቶ ለመናት። ሁለቱም «መጀመሪያ ግቢያችንን ጎብኝና ከዚያ ወስኚ» አሏት። በዚያ ዘመን፣ የመንግሥት ኮሌጅ እንደ ዶሮ ተገላብጦ ሲመረጥ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ገንዘቤ መማር ትፈልጋለች፤ ሂሳብ አያያዝ ስትል ዓይኗ ይበራል። የሚያሳስባት ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ አዳራሹ ዛሬ የቀበሌው ሸማቾች ማኅበር ስኳር ማከማቻ ሆኗል። ምእመናኑ እንደ ሌላው ሰፈር ጴንጤ ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሊያሳጥሩ የመጡ መስለው ጨርቅ በብብታቸው ይዘው አቶ ኤርሳዶ ቤት ይሰበሰባሉ። አቶ ኤርሳዶ የሲንጀር መኪናቸውን ያለ ክር በባዶው ይረግጣሉ፤ ድምፁ የቀረውን ይሸፍናል። ይዘምራሉ፣ ግን በሹክሹክታ። ያጨበጭባሉም፣ ግን መዳፍና መዳፍ ሊገናኝ አንድ ጣት ሲቀረው ይቆማል። ጎረቤቱ አብዮት ጥበቃ ነው። ገንዘቤ ያደገችው በዚህ ነው፤ የጭፈራ ዓይነት የሚባል ነገር በእግሯም በትከሻዋም አልፎ አያውቅም፤ ጭፈራ ቤታቸው ውስጥ ኃጢአት ነው። የሀዲያን ከተማ ሆሳዕናንም አይታ አታውቅም። እንግዲህ ጎህና ድል የተሻሙባት እሷ በማታውቀው ልዩነቷ ነው። በምታውቀው ልዩነቷ ቢደርሱባት ግን ከርቸሌ እንጂ ኮሌጅ አትገባም፤ እሷ ብቻ ሳትሆን የሐሙስ ሰው በሙሉ።

«ሁለቱንም እዪ» አሏት አባቷ። «ሂሳቡ የትም ያው ሂሳብ ነው። ሰዉን እዪ። የኛ ሰው ያለበት ቢገኝ...»

«እንዴት አድርጌ ላውቅ እችላለሁ አባባ? አይጠየቅ!»

«እሱን እኔም አላውቅም» አሉና መኪናቸውን መርገጥ ጀመሩ።

ጎህ ኮሌጅ አበባ ይዞ ጠበቃት። ጓድ ሙሉአለም ቤተ መጻሕፍቱን በሩቁ፣ ምግብ ቤቱን በቅርቡ አሳያት። ከዚያ የኮሌጁን ብሔረሰቦች በሰልፍ አቁሞ አስተዋወቃት። አፋሩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ጸጉሩ ስለተመቸ ነው የተመደበው። ኮንሶው ከካዛንቺስ የመጣ ሲሆን እንዳይናገር ተመክሯል። ሲዳማዋ እውነተኛ ሲዳማ ናት፤ ነገር ግን የሲዳማው ልብስ ስለጠበባት የጉራጌ ለብሳለች፤ የጉራጌው ልጅ ደግሞ በእሷ ፋንታ ሲዳማ ሆኗል።

«በድምሩ ልክ ነው» አለ ሙሉአለም። «በይ እንግዲህ፣ የሀዲያን ጭፈራ አሳዪን።»

ገንዘቤ ደነገጠች። «እኔ... ጭፈራ አላውቅም።»

«ብሔረሰብ ሆኖ የማይጨፍር?» ሳቀ። ሳቁን ሲያቆም ፊቱ ሌላ ሆነ። «ካልጨፈርሽማ ያው እንደማንም አመልካች ነሽ። መስኮቱን ታውቂዋለሽ።»

መስኮቱን ታውቀዋለች። ያ ሁሉ ሰው ፊቷ ቆሞ ምን ታድርግ? ዓይኗን ጨፈነች። ሰውነቷ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱኑ አደረገች። ወደ ግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብላ ተወዛወዘች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረች፤ መዳፍና መዳፏ ሳይነካካ። ስታበቃ ከእፍረቱ ብዛት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ጓድ ሙሉአለም እንባ ቀረሽ ሆኗል።

«ገባችሁ ጓዶች?» አለ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ። «ሕዝቡ ከጭቆናው ብዛት የገዛ እጁን እንኳ ማጨብጨብ አይፈቀድለትም ነበር! ጨቋኙ እንዳይሰማው ነው ድምፅ የሌለው። ደስታውን እንኳ ደብቆ የሚደሰት ሕዝብ! ይህ ዘመን ባይመጣለት ምን ይውጠው ነበር!»

ሰውዬው በሕይወቱ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ እውነት ተናግሮ አያውቅም፤ የዘመኑ ነገር ብቻ ነው የተሳሳተው። ገንዘቤ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች።

በማግስቱ በውይይት ታክሲ ወደ ላምበረት ሄደች። ውይይት ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥበት ነው ስሙን ያገኘው፤ እንደዚያ ሆኖ ግን በዚያ ዘመን አንድም ሰው አይወያይበትም። ድል ኮሌጅም ያው ነው። ምግብ ቤት፣ ፖስተር፣ ሰልፍ፤ አፋሩ ብቻ ከደብረ ብርሃን መሆኑ ቀርቶ የፍቼ ልጅ ነው። የጎህ ወሬ ቀድሟት ደርሷልና ጓዲት ሃረገወይን «ያንን ድምፅ የሌለውን» አለቻት ገና ሳትቀመጥ።

ከሃረገወይን ጎን የኮሌጁ ካድሬ ጓድ ወልደጻድቅ ተቀምጧል። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ቀጭን፣ የማይስቅ ሰው ነው። ገንዘቤ ስትጨፍር ሌላው ሁሉ ፊቷን ሲያይ እሱ እጇን ነው ያየው። ስታበቃ ተነሥቶ አጠገቧ መጣ።

«የት ተማርሽው?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቤት... ከቤተሰብ።»

«መቼ መቼ ነው?»

«ለበዓል ነው ጓድ።»

«ሐሙስ አይደለም?»

አባቷ፣ እናቷ፣ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው የሚመጡት አሮጊቶች ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ምን እንደመለሰች አታስታውስም። ሃረገወይን ብዕሯን ይዛ «ጓድ፣ ምን ብዬ ልጻፈው?» ስትል ግን የሰውዬውን መልስ ሰምታለች።

«የአጨዳ ጭፈራ ብለሽ ጻፊ» አለ። «በእድገት በኅብረት ዘመቻ ሆሳዕና ሳለሁ አይቼዋለሁ። ትክክለኛ ነው።»

ቤት ስትደርስ ለአባቷ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ሐሙስን የሚያውቅ ሰው ወይ ከውስጥ ሆኖ አይቶታል፣ ወይ በመስኮት አሾልቆ አይቶታል» አሉ አቶ ኤርሳዶ። «ካድሬ ነው ያልሽኝ?»

«ካድሬ ነው።»

«እንግዲያው በመስኮት ነው።»

«ታዲያ ለምን ዋሸልኝ አባባ?»

«ድመት አይጥ ስትይዝ ወዲያው ትበላለች? ጎህ ግቢ። ጎህ ያሉት ምንም የማያውቁ ናቸው፤ ከማያውቁት ጋር ደኅና ትሆኛለሽ።»

የሐሙሱ ስብሰባ ለጊዜው ተቋረጠ። ለሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ማንም አልመጣም። ማንም አለመምጣቱ አንድ ነገር ሊነግራቸው ይገባ ነበር፤ የፈራ ሰው ግን እንደዚያ አያሰላም። ገንዘቤ ጎህ ተመዘገበች።

ክረምቱን ሙሉ አርባ ተማሪ አሠለጠነች። ከሂሳብ አያያዙ ይልቅ ጭፈራው ሰዓቷን በላው። የደብረ ብርሃኑ አፋር ጎበዝ ሆነላት፤ የካዛንቺሱ ኮንሶ ግን እጁን መቆጣጠር እያቃተው ጯ ያደርገዋል። ድል ኮሌጅም ያንኑ ጭፈራ መያዙ ተሰማ፤ ሀዲያዋን ቢያጣ ጭፈራውን አላጣም። ጓድ ሙሉአለም ስርቆት ነው ብሎ ለበላይ አካል አቤት አለ።

ማጣሪያው ጳጉሜ ላይ በአንድ ኳስ ሜዳ ሆነ። ጎህ ጨፈረ፤ የኮንሶው አንድ ጯ ባይቆጠር ደኅና ነበር። ቀጥሎ ድል ገባ። ገንዘቤ ከሜዳው ዳር ቆማ የራሷን እንቅስቃሴ ስታይ መጀመሪያ አሳቃት። መጨረሻው ላይ ግን ሳቋ ደረቀ። የድል ተማሪዎች ጭብጨባውን ሲያበቁ አልተበተኑም፤ እያንዳንዳቸው እጃቸውን ጎናቸው ባለው ሰው ትከሻ ላይ አሳርፈው አንገታቸውን ደፉ። ሐሙስ የሚያበቃው እንዲህ ነው፤ አንዱ ለአንዱ ሲጸልይ። እሷ ይህን ለማንም አላሳየችም። ድል ግቢ ስትጨፍር ለብቻዋ ቆማ ስለነበር ልታሳየው ብትፈልግም አይቻልም ነበር። ጓድ ወልደጻድቅ ከሜዳው ማዶ፣ ካድሬዎቹ መካከል ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። ሌሎቹ ካድሬዎች የጫማ ማሰሪያውን የሚያይ መስሏቸዋል።

ዳኞቹ ተመካከሩና ውጤቱን አነበቡ። የድል ኮሌጅ ጭፈራ መጨረሻው ላይ ለብሔረሰቡ ባዕድ የሆነ ጭማሪ ስለተገኘበት ነጥብ ተቀንሶበታል። ትክክለኛውን የሀዲያ ጭፈራ ሳይበርዝ ሳይከልስ ያቀረበው ጎህ ነውና አውቶቡሱ ለጎህ ይሁን ተባለ። የጎህ ተማሪዎች ገንዘቤን ወደ ላይ አንሥተው ወረወሯት።

ስትወርድ ወልደጻድቅ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ፊቷ ቆሟል። «እንኳን ደስ አላችሁ ጓዲት!» አለ ሁሉም እንዲሰማ። እጇን ሳይለቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ግቢ ስድስት ነን። ማታ ማታ መጋዘኑ ጀርባ እንገናኛለን። ትመጪያለሽ ብለን ቦታ ይዘንልሽ ነበር።» ከዚያ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሣ ወደ ጓዶቹ ተመለሰ።

ገንዘቤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለአንድ ክረምት አርባ ሰው ከኋላዋ አሰልፋ ብቻዋን ስትጸልይ ከርማለች፤ ሰዎቿ ደግሞ በአንድ ታክሲ ርቀት ላይ እየጠበቋት ነበር። በነጋታው ጓድ ሙሉአለም ቢሮ ገባችና ወደ ድል እንዲያዛውራት ጠየቀችው።

«ምን?» አለ ሙሉአለም ከወንበሩ እየተነሣ። «ሀዲያችንን? ለድል? እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም! ምግቡ ነው? ዳቦ ይጨመርልሽ። መኝታው ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» በመስኮቱ ወደ ሜዳው አመለከተ። ተማሪዎቹ አውቶቡሱን እያጠቡ ነበር። «አፋሩ አለ። ኮንሶው አለ። ሲዳማው አለ፣ ጉራጌዋ አለች። መላው ኢትዮጵያ እዚህ ግቢ ውስጥ ሞልቶልሽ ማን ጎደለሽ?»

ገንዘቤ አፏን ከፈተች። ማን እንደጎደላት አንድ በአንድ ልትነግረው ትችላለች። ብትነግረው ግን ስድስት ሰው ማታውኑ ይታሰራል።

«ማንም አልጎደለኝም ጓድ» አለች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

ጓድ ሙሉአለም በጣም ተነካ። መሐረቡን አውጥቶ ሰጣትና «አውቶቡሱን ስናገኝ እኔም እንዲሁ ነው ያደረገኝ» አላት።